ፀጉር ቆራጩ ራሱን የሸሸገበት ዓመት

አብዱልበሲጥ የወሎዋ የሐይቅ ከተማ ልጅ ነው። ሰመራ የገባው ከተማዋ ከቤት ይልቅ ድንጋይና አቧራ የሚበዛባት በነበረችበት ጊዜ፣ አንድ ቶንዶዝና ሁለት መቀስ በፌስታል ጠቅልሎ ነው። መጀመሪያ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ኋላም ከሙያ ጓደኛው ከመሀመድአሚን ጋር ተሻርኮ በዩኒቨርሲቲው መንገድ ዳር ፀጉር ቤት ከፈተ። እጁ ቀላል ነበር። የቢሮ ሰው፣ ተማሪ፣ ከሎጊያ በባጃጅ የሚመጣ ሹፌር ሁሉ እሱ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ካለ «በሲጥ እስኪጨርስ እጠብቃለሁ» ብሎ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል።

የሰውን ፀጉር እንዲህ ሲያሳምር የራሱ ግን ከዳው። ሃያዎቹን ሳይጨርስ ከግንባሩ ወደ ኋላ መሸሽ ጀመረ፤ ቀጥሎ አናቱ ሳሳ፤ ሠላሳ ሲያልፍ ከጆሮና ከማጅራቱ ዙሪያ በቀር የቀረ ነገር አልነበረም። ያን ጊዜ ኮፍያ አጠለቀ። ሲሠራ ኮፍያ፣ ሲሰግድ ቆብ፤ ባዶ ራሱን የሚያየው ትራሱ ብቻ ነበር። ፀጉራቸውን በቅቤ አብሰው ያንዠረገጉ የአፋር ጎረምሶች በበሩ ሲያልፉ ቶንዶዙን ይዞ ቆም ይላል። ደንበኞቹ ይቀልዱበታል።

«በሲጥ፣ የሰው እርሻ ስታጭድ የራስህን ማን አጨደብህ?»

እሱም አብሯቸው ይስቃል። ሳቁ ከጥርሱ አያልፍም።

ሎጊያ ውስጥ ኑራ የምትባል ልጅ ነበረች፤ ወንድሟ ካሊድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው፣ እሷም እዚያው ትሸጣለች። ካሊድ የበሲጥ ደንበኛ ነው። በእሱ በኩል ተዋወቁ፣ ተግባቡ፣ ሽማግሌ ተላከ፣ ቤተሰቧም ፈቀደ። ኒካሁ ለመስከረም ሆነ።

ይህ በሆነ ሰሞን ሎጊያ የካሊድ ዘመድ ሰርግ ነበር። ሙሽራው ከመኪና ሲወርድ ጥምጥሙ ከበሩ ጋር ተያዘና ወለቀ፤ ራሱ በመብራቱ ሥር አብረቀረቀ። ከሴቶቹ አንዷ «ጨረቃዋ ወጣች!» አለችና ዳሱ በሳቅ ተናጋ። በሲጥ ዓይኑን ኑራ ላይ ጣለ። አፏን በሻርፗ ሸፍና እየሳቀች ነበር።

ያቺ ሳቅ ሆዱ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። በመስከረም የራሱ ጥምጥም ሲወልቅ ታየው።

በየካቲት ማብቂያ ለመሀመድአሚንም ለኑራም «እናቴን አሟታል፣ ሐይቅ ደርሼ ልምጣ» አላቸውና አዲስ አበባ ሄደ። የፀጉር ንቅለ ተከላ የሚሠራ ክሊኒክ በስልክ ፈልጎ አግኝቶ ነበር። ከማጅራቱ ያለውን ፀጉር ላጭተው፣ አንድ በአንድ ከነሥሩ እያወጡ፣ ፊት ለፊቱ ላይ በመርፌ ጫፍ በተከፈተ ቀዳዳ እያስገቡ ሲተክሉለት ዋሉ። ሲጨርሱ ሐኪሙ አጠገቡ ተቀምጦ ቀስ ብሎ አስረዳው።

«መጀመሪያ ቅርፊት ይይዛል። ግንባርህ ሊያብጥ ይችላል፤ እብጠቱ ወደ ዓይንህ ይወርዳል፣ ከዚያ ይጠፋል። ቅርፊቱ ሲራገፍ ቆዳው ለጊዜው ቀላ ይላል። ቀጥሎ የተተከለው ፀጉር ራሱ ይረግፋል። አትደንግጥ፣ ሥሩ ውስጥ አለ። ከጥቂት ወራት በኋላ ይበቅላል። የት ነው የምትኖረው?»

«ሰመራ።»

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። «ፀሐይና ላብ ጠላቱ ነው። ብትችል እዚህ ሰንብት። አታጎንብስ፣ ጠባብ ኮፍያ አታድርግ፣ አትከከው።»

በሲጥ በጣቱ ወራቱን ቆጠረ። ለመስከረም ይደርሳል። «ይበቅላል» የሚለውን ቃል ይዞ ሌላውን ሁሉ እዚያው ክፍል ጥሎት ወጣ። አዲስ አበባ የሚያስጠጋው ዘመድ አልነበረውም፤ ኑራም በየቀኑ ትደውላለች። የመጀመሪያውን እጥበት እንዳጠቡለት ሰፊ ኮፍያ ጣል አድርጎ አውቶቡስ ተሳፈረ።

አዋሽ ላይ ለምሳ ቆሙ። በሲጥ እጁን ሊታጠብ ምግብ ቤቱ ጓሮ ገብቶ መስታወቱን ቀና ብሎ ቢያይ የማያውቀው ሰው አየው። ግንባሩ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ወደ ቅንድቡ ወርዷል፤ ዓይኖቹ በእብጠቱ መሐል ስንጥቅ ብቻ ሆነዋል። እንዲህ ሆኖ ሰመራ ሊገባ? ሻንጣውን አውርዶ አውቶቡሱን አሳለፈው።

አጠገቡ ካለው ፔንስዮን ክፍል ጠየቀ። ባለቤቲቱ ተስፋነሽ ይባላሉ፤ በልጅነታቸው ከደጋ ከባላቸው ጋር ወርደው፣ ባላቸው ሲሞት እዚያው የቀሩ ሴት ናቸው። ፊቱን አይተው ቁልፉን በእጃቸው እንደያዙ ቆሙ።

«ማን ነው እንዲህ የደበደበህ የኔ ልጅ?»

«ማንም አልደበደበኝም።»

«ፖሊስ ይፈልግሃል?»

«ኧረ በፍጹም፣ እትዬ። ታምሜ ነው።»

«በሽታህ የሚተላለፍ ነው?»

በሲጥ ለማያውቁት ሰው እውነቱን መናገር ቀለለው። ኮፍያውን አንስቶ አሳያቸው። ተስፋነሽ ጠጋ ብለው፣ እጃቸውን ከኋላቸው አጣምረው ተመለከቱት።

«እግዜር ያሳይህ! ፀጉርም እንደ ቃሪያ ችግኝ ይተከላል?»

«ይተከላል።»

«ይጸድቃል?»

«ይጸድቃል ብለውኛል።»

«እንግዲያው ክፍሉ ወደ ጓሮ ያለው ይሁንልህ፣ ጥላ አለው» አሉና ቁልፉን ሰጡት።

እዚያ ክፍል ውስጥ ያሳለፋቸውን ቀናት በሲጥ በሕይወቱ ከሁሉ የከፉ ይመስሉት ነበር፤ ገና የሚመጣውን አያውቅማ። ተቀምጦ ይተኛል። የሰጡትን የጨው ውሃ ራሱ ላይ ይረጫል። መብራት ሲሄድ ቬንትሌተሩ ይቆማል፣ ላቡ ከአናቱ ይመነጫል፣ ዝንቡ የቅርፊቱን ሽታ ይዞ ይመጣል። ሊያባርረው እጁን ያነሣል፣ መንካቱን ፈርቶ ይመልሰዋል። በስልኩ ካሜራ ራሱን ያያል። ፊት ለፊቱ በጥቁር ደም ነጠብጣብ ተዥጎርጉሯል፤ ማጅራቱ ደግሞ ብል እንደበላው ጋቢ ነቁጥ በነቁጥ ሆኗል። ደጋግሞ ያያል። ባየ ቁጥር ይብስበታል፤ እንደገና ያያል።

ኑራ ትደውላለች።

«እናትህ እንዴት ናቸው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት።»

«እስቲ አቅርብልኝ፣ አፊያ ይስጥዎ ልበላቸው።»

«አሁን ተኝታለች።»

ማታም ተኝታለች፤ በማግስቱም ተኝታለች። ውሸት አንዴ ከተጀመረ መቆሚያ የለውም። ኑራ ጭንቅ ሲላት ሐይቅ ያለች አክስቱን ስልክ አፈላልጋ፣ በእሷ በኩል እናቱን አገኘች። እናቱ ደህና ነበሩ፤ ልጃቸው መንገድ መውጣቱንም አልሰሙም። ይህን በሲጥ አላወቀም።

እብጠቱ ጎደለለትና ሰመራ ገባ። ቅርፊቱ ገና አልተራገፈም፤ ሙቀቱም እየባሰ የሚሄድበት ወቅት ነው። ሐኪሙ ያለውን ቢያስብ ቤቱ መቀመጥ ነበረበት፤ ግን ደንበኛ ጠፋብን እያለ መሀመድአሚን ሲደውልበት ሰንብቷል። ሰፊውን ኮፍያ አድርጎ ሥራ ገባ። ከቢሮ የመጣ አንድ ሰው አስቀምጦ ነጩን ልብስ አንገቱ ላይ አሰረለት። ግማሹን እንደቆረጠ ላቡ በኮፍያው ሥር ወረደ። ጠርዙን ከፍ አድርጎ በክንዱ ሊጠርግ ሲል የቅርፊት ቁራጭ፣ ከነፀጉሩ፣ ሰውዬው ደረት ላይ ነጩ ልብስ ላይ ጠብ አለ።

ሰውዬው ቁራጩን አየው። ቀና ብሎም በመስታወቱ ውስጥ የበሲጥን ግንባር አየው።

«ምንድን ነው ይሄ? ቆረቆር ነው እንዴ?»

«አይደለም ወላሂ! ፀሐይ መትቶኝ ነው።»

«ይህን ይዘህ ነው እኔ ላይ ቶንዶዝ የምታሳርፍ?»

ሰውዬው ልብሱን ከአንገቱ በጥሶ፣ ግማሽ ራሱ ተቆርጦ ግማሹ ሳይቆረጥ፣ እየተራገመ ወጣ። አግዳሚው ላይ ተራ ይጠብቁ የነበሩትም አንድ በአንድ ተነሡ። ወሬው ፀሐይ ሳትጠልቅ ሎጊያ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ያላሉት የለም። ቆረቆር ነው ያለ አለ፤ ከባዱ በሽታ ይዞት ነው ብሎ የሚያንሾካሹክ አለ። መስጊድ ሲሄድ ማጎንበሱን ፈርቶ ከሽማግሌዎቹ ተርታ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰግዳል፤ ጤነኛ ጎልማሳ ወንበር ላይ ሲሰግድ ያየ ሰው ደግሞ ወሬውን እውነት ነው ይላል። አንዱን ቃል ቢተነፍሰው ሁሉም ያበቃ ነበር። «ፀጉር አስተክዬ ነው» ማለት ግን ከበሽታው ስም ይልቅ ከበደው። የሚስቁበት መሰለው፤ አላህ የሰጠህን አልቀበልም አልክ የሚሉት መሰለው።

ኑራ ሰመራ መጣች። ጁስ ቤት ተቀመጡ፤ ካሊድ መኪናው ውስጥ ይጠብቃታል። ማንጎዋን አልቀመሰችም።

«እናትህን አነጋገርኳቸው» አለችው።

በሲጥ የብርጭቆውን ጠርዝ በጣቱ ይጠርግ ጀመር።

«የት ነበርክ?»

«ሥራ ነበረኝ።»

«ራስህን ምን ሆንክ?»

«ፀሐይ ነው አልኩሽ እኮ።»

ኑራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስማኝ፣ እኔ ወሬ አልሰማም። ግን ወንድሜ አልተኛም፣ እናቴም አልተኛችም። ነገ አብረን ሆስፒታል እንሂድና ሁለታችንም እንታይ። የኔም ደም ይታይ፣ ያንተም። ምንም ቢሆን አብረን እንስማው።»

ልጅቷ እጇን ነበር የዘረጋችለት። እሱ ግን «ይታይ» የሚለውን ቃል ብቻ ሰማ።

«እኔን እንደ ከብት ልታስመረምሪኝ ነው? ያመንሽኝ ይኸው ነው?»

ተነሥቶ ወጣ። በካሊድ መኪና አጠገብ ሲያልፍ ሰላምታም አልሰጠም። ምርመራውን እምቢ አለ መባሉን ካሊድ ሲሰማ የቀረው ጥርጣሬ ሁሉ እርግጥ ሆነለት። ሽማግሌዎቹ በኑራ ቤተሰብ ተልከው ተመልሰው መጡ፤ አሁን የመጡት ነገሩ እንዲቀር ነው። ለጥሎሽ ያመጣው ሁሉ ተመለሰለት።

ፀጉሩ መርገፍ የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ጠዋት ሲታጠብ መዳፉ ላይ ቀረ፤ ትራሱ ላይ ቀረ፤ ፎጣው ላይ ቀረ። የተተከለው ብቻ ሳይሆን የቀድሞው፣ ከጎንና ጎን የነበረው ጭምር ሳሳ። የቀረው ቆዳ ቀልቶ፣ ብጉር አውጥቶ፣ ጠቃጠቆ ጥሎ፣ የድሮ መላጣነቱ ያምር ነበር የሚያሰኝ ሆነ። ወደ ክሊኒኩ ደወለ። ስልኩን ያነሣችው ሴት ረጋ ብላ አነጋገረችው።

«የሚጠበቅ ነው ወንድሜ። ለጊዜው ነው። ሐኪሙ ነግሮህ የለም?»

«ነግሮኛል።»

«እንግዲህ ታገሥ። ይበቅላል።»

ስልኩን ዘግቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ለጊዜው ነው። ጊዜው ግን ምን ያህል ነገር ይዞ እንደሚሄድ ማንም አልነገረውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ አልሄደም፤ መሀመድአሚንም እያፈረ «ትንሽ ጊዜ ብታርፍስ፣ ሰው በሩን አይቶ ይመለሳል» ብሎት ነበር። በሩን ዘግቶ ይተኛል። ምግብ አጠገቡ ይደርቃል። ከግድግዳው ላይ መስታወቱን አውርዶ ፊቱን አዙሮ አቆመው። ድሮ የሚደሰትበትን የንጋት ሶላት እንኳ ቤቱ ብቻውን ይሰግደው ጀመር፤ ኋላም አንዳንዱ ያመልጠው ነበር። «ያ ረቢ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» ይላል፣ ያጠፋውን እያወቀ።

መሀመድአሚን አንድ ቀን በሩን በኃይል ገፍቶ ገባ። ተልባ ሻሂ ይዞ ነበር። ክፍሉን አየ፣ ሰውዬውን አየ።

«በሲጥ፣ የምትሞት ከሆነ ንገረኝና እናትህን ልጥራ።»

ያኔ ነገረው። ክሊኒኩንም፣ ጨረቃዋ የወጣችበትን ሰርግም፣ አዋሽንም። መሀመድአሚን አፉን ከፍቶ ሰማው። ሳቅ መጣበት፤ ዓይኑን አይቶ ዋጠው።

«ለዚህ ነው? ሱብሀነላህ! ይህን ለእኔ መንገር አቅቶህ ነው ሰው በቁምህ የቀበረህ? ተነሥ፣ ለልጅቷ ንገራት።»

«አሁን ምን ዋጋ አለው?»

«ተነሥ ነው የምልህ!»

በባጃጅ ሎጊያ ወረዱ። ካሊድ ሱቁ ውስጥ ጎማ ይቆጥራል፤ ኑራ ከባንኮኒው ኋላ ነበረች። መሀመድአሚን ደጅ ቀረ። በሲጥ ያጠናውን ንግግር ረሳውና አሳጥሮ ተናገረ።

«በሽታ የለብኝም። ፀጉር አስተክዬ ነው። አዲስ አበባ ነበርኩ።»

ካሊድ ቀና አለ። «ምን አስተክለህ?»

«ፀጉር።»

«የታለ?»

በሲጥ ኮፍያውን አወለቀ። ያሳያቸው ዘንድ ነበር የፈለገው፤ ሐኪሙ የተናገረውንም እዚያው ሊያስረዳቸው። የሱቁ መብራት አናቱ ላይ ወረደ፤ ብጉሩ፣ ቅላቱ፣ እዚህም እዚያም የቀረችው ክር የምታህል ፀጉር ሁሉ ታየ። ካሊድ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ።

«ሸፍነው ወንድሜ» አለ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ማየት አልቻለም እንጂ።

ኑራ ግን ዓይኗን ከራሱ ላይ አላነሣችም። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ለምን?»

«በዚያ ሰርግ… ሙሽራው ጥምጥሙ ሲወልቅ… ስትስቂ አየሁሽ።»

«የቱ ሰርግ?»

በሲጥ ነገራት። ግንባሯን ቋጥራ አሰበች፤ አላስታወሰችውም።

«ራሰ በራ መሆንህን እኔ መች አጣሁት?» አለች። «ካሊድ ገና ሽማግሌ ሳትልክ ነግሮኛል። አውቄ ነው እሺ ያልኩህ። አንተ ግን እናትህን አሳመምካቸው። ዓይኔን እያየህ ፀሐይ ነው አልከኝ። እንታይ ስልህ ጥለኸኝ ወጣህ። አሁን እውነትህን ነው ብዬ ባምንህ እንኳ ነገ የምትነግረኝን እንዴት አድርጌ ልመን?»

«አፉ በይኝ።»

«አፉ ብያለሁ» አለችና የቆጠረችውን ፍሬን ሸራ እንደገና መቁጠር ጀመረች።

ከዚያ በኋላ በሲጥ ሰመራ አላስቀምጥህ አለው። ወሬው ተለወጠ እንጂ አልሞተም፤ ቆረቆሩ ቀርቶ «ፀጉር ዘራ፣ ዝናብ ቀረበት» ሆነ። እሱ የፈራው ሳቅ ይኸው ነበር። ሲመጣ ግን እንዳሰበው አልቆረጠውም፤ የሚቆረጥ የቀረ አልመሰለውም። ቶንዶዙንና ልብሱን ይዞ አዋሽ ተመለሰ። ተስፋነሽ በረንዳቸው ላይ አንድ ወንበር አስቀመጡለት። የጅቡቲ ሹፌሮችን፣ ወደ ሸንኮራውና ወደ ጥጡ እርሻ የሚወርዱ የደጋ ሠራተኞችን ይቆርጣል። እነዚያ ሰዎች ዛሬ አሉ፣ ነገ የሉም። የቆራጩን ራስ አያዩም።

ክረምቱ ሲገባ ግንባሩ ላይ የሆነ ነገር በጣቱ ተሰማው። እንደ ጫጩት ላባ የሚለሰልስ፣ ቀጭን ነገር ነበር። ተስፋነሽ ቀድመው አዩት።

«ጸደቀ እኮ!» ብለው እልልታ ሊያሰሙ ቃጣቸው።

«ጸደቀ» አላቸው፣ ቶንዶዙን እየጠረገ። ማታ ክፍሉ ገብቶ ቀጭኑን ፀጉር በጣቱ ሲዳስስ ደስታ ይመጣል ብሎ ጠበቀ። አልመጣም።

መስከረም ገብቶ ሲገፋ መሀመድአሚን ዕቃ ሊገዛ አዳማ ሲሄድ አዋሽ ላይ ወረደ። በሲጥ ኮፍያ አላደረገም ነበር። መሀመድአሚን ከሩቅ አላወቀውም፤ ሲቀርብ በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ያዘው፣ አዞረው፣ እንደ ፀጉር ቆራጭነቱ መረመረው።

«ማሻአላህ! ወላሂ ሌላ ሰው ሆነሃል። ና በል፣ ወንበርህ ባዶውን ነው። ደንበኞችህ ይጠይቁኛል። አሁን ማን ምን ይልሃል?»

«ሐኪሙ ይመለሳል ያለኝ ፀጉሩን ነው፣ መሀመድአሚን።»

ጥብስ አዝዘው በሉ። ስለ መብራት መቆራረጥ፣ ስለ ቤት ኪራይ አወሩ። መሀመድአሚን የሚለው ነገር እንዳለው በሲጥ ገብቶታል፤ አልጠየቀውም። አውቶቡሱ ጡሩምባ ሲነፋ ነው የተናገረው።

«ኑራ አግብታለች። አሳይታ ከተማ ናት ያለችው። መምህር ነው አሉ ባሏ።»

«አላህ ያስማማቸው» አለ በሲጥ።

ጓደኛውን አሳፍሮ ሲመለስ ሁለት የሸንኮራ ሠራተኞች በረንዳው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁት ነበር። አንዱን አስቀምጦ ልብሱን አሰረለት። ሥራ ላይ እያለ ስልኩ ጠራ፤ እናቱ ናቸው። ሐይቅ ና፣ ጎረቤቱ ሁሉ ይጠይቅሃል፣ ሰው አገባ ወለደ፣ አንተ ምን ነካህ ይሉታል። ስልኩን በትከሻው ደግፎ፣ የሰውዬውን ማጅራት እያስተካከለ፣ «በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ እመጣለሁ፣ እማ» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ወራት አልፈዋል። አልሄደም።